የተደመሰሰው ቴፕ፤ የአንድ ዘፈን አሠራርና የትችት ወግ



መሐንዲሶች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር መናገር የተለመደ ነው። ዛሬ የሚቀርበው ንግግር ግን ስድስት ደቂቃ ያህል ርዝመት ስላለው አንድ ዘፈን ነው። ነገሩ ከሙያው የራቀ መስሎ የሚታየው አድማጭ ቢኖር ጥቂት ይታገሥ። ይህ ዘፈን አንድ ጊዜ ተሠርቶ፣ ተተችቶ፣ ተጥሎና ተደምስሶ ካበቃ በኋላ በሌላ ንድፍ እንደገና የተገነባ ሥራ ነውና፤ ከሞት እንዴት እንደ ተረፈ ማወቁ የባልደረባውን ንድፍ እንዲመረምር ለሚጠራ ሰው ሁሉ ይጠቅማል።

ዘፈኑ «አይም ኖት ኢን ላቭ» ይባላል፤ በአማርኛ «ፍቅር አልያዘኝም» እንደ ማለት ነው። የሠራው ቴን ሲሲ የተባለ የእንግሊዝ የሮክ ሙዚቃ ቡድን ሲሆን፣ በነጠላ ሸክላ ታትሞ ለገበያ የዋለው በሜይ 1975 ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቡድኑ አባላት አራት ነበሩ፤ ኤሪክ ስቱዋርት፣ ግራሃም ጉልድማን፣ ኬቪን ጎድሊና ሎል ክሬም። አራቱም ይደርሳሉ፤ አራቱም ይዘፍናሉ። ይሁን እንጂ በመካከላቸው ሁለት ዓይነት ዝንባሌ ነበር። ጉልድማን ገና በወጣትነቱ ለሌሎች ዝነኛ ቡድኖች ዘፈን በመድረስ የታወቀ፣ ስቱዋርትም በ1960ዎቹ ማይንድቤንደርስ በተባለው ቡድን ውስጥ ስም ያተረፈ ሰው ስለ ነበሩ፣ ሁለቱ የሕዝብን ጆሮ የሚይዝ ዜማ በሥርዓቱ ማዋቀር ያውቁበት ነበር። ጎድሊና ክሬም ግን ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጡ በመሆናቸው የተለመደውን ነገር መድገም ይሰለቻቸዋል፤ አዲስ ነገር መሞከር ይወዳሉ። ቡድኑ የሚሠራው በእነዚህ ሁለት ዝንባሌዎች መሳሳብ ነበር።

ከዚህም ሌላ አንድ ልዩ ሀብት ነበራቸው። ይኸውም ከማንቸስተር አጠገብ በምትገኘው በስቶክፖርት ከተማ በ1968 የተመሠረተው «ስትሮቤሪ ስቱዲዮ» ነው። ስቱዋርት ከስቱዲዮው ባለቤቶች አንዱ ሲሆን፣ ዘፋኝነቱን ከድምፅ መሐንዲስነት ጋር አጣምሮ ይዞ ነበር። ሌሎች ቡድኖች በሰዓት ሒሳብ በሚከራዩት ስቱዲዮ ውስጥ ሰዓታቸውን እያዩ ሲዘፍኑ፣ እነዚህ አራቱ ግን በገዛ ቤታቸው ይሠሩ ነበር። ይህ ባይሆን ኖሮ ከዚህ በታች የሚነገረው ሥራ ከሐሳብ ባላለፈ ነበር።

የዘፈኑ መነሻ ቀላል የቤት ውስጥ ነገር ነው። ስቱዋርት ራሱ እንደ ተናገረው፣ ባለቤቱ እንደምትወደድ ለምን ዘወትር እንደማይነግራት ትጠይቀዋለች። እርሱም ቃሉ በየቀኑ ቢደጋገም ትርጉሙ ይሟጠጣል ብሎ ያስብ ነበርና፣ ፍቅሩን የሚክድ፣ በሚያቀርበው ምክንያት ሁሉ ግን ፍቅሩን የሚገልጥ ሰው ቢያናግር የተሻለ እንደሚሆን ታየው። ግጥሙን ይዞ ወደ ጉልድማን ሄደ፤ ሁለቱም ዜማውን አብረው አወጡ። የመጀመሪያው ቅጂ የተሠራው ቦሳኖቫ በተባለው የብራዚል ስልት፣ በጊታርና በከበሮ በተለመደው አኳኋን ነበር።

ተቀርጾ ሲደመጥ ጎድሊ አልወደደውም። ያልወደደውም በለዘብታ አይደለም፤ ዘፈኑ የማይረባ መሆኑን ፊት ለፊት ተናገረ። ስቱዋርት ሊሻሻል የሚችልበት መንገድ ካለ እንዲነግረው ጠየቀው። የጎድሊ መልስ የሚሻሻል ነገር እንደሌለውና ጥሎ ወደ ሌላ ሥራ ማለፍ እንደሚበጅ ነበር። በዚያ ቡድን ውስጥ የአንዱ ቃል ከሌላው አያንስምና ዘፈኑ ተጣለ። መጣል ብቻም አይደለም፤ የተቀረጸበት ቴፕ ተደመሰሰ። ንድፍ በወረቀት ላይ የተሣለ እንደ ሆነ ከመሳቢያ ይወጣል፤ መግነጢሳዊ ቴፕ ግን አንዴ ከተደመሰሰ የሚመልሰው የለም። የመጀመሪያው ቅጂ ዛሬ በየትም አይገኝም።

ነገሩ በዚህ አበቃ ሲባል ያላበቃ ሆነ። ስቱዋርት በስቱዲዮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል የቤቱ ሠራተኞች ያንኑ የተጣለውን ዜማ ሲያንጎራጉሩ ይሰማል። ማንም አላዘዛቸውም፤ ዜማው ከጆሯቸው ስላልወጣ ብቻ ነው። እርሱም ወደ ባልደረቦቹ ተመልሶ ምናልባት ተሳስተን ይሆናል አላቸው። በዚህ ጊዜ «ካፈርሁ አይመልሰኝ» የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ ታሪኩ እዚያው ላይ ይቆም ነበር።

ጎድሊ አሁንም አላመነበትም። ነገር ግን ተቃውሞውን ወደ ሐሳብ ለወጠው። ይህ ዘፈን ሊሠራ የሚችለው ከዚህ በፊት ማንም ባልሠራው መንገድ ከሆነ ብቻ ነው፤ የሙዚቃ መሣሪያውን ሁሉ ትተን በሰው ድምፅ እንሥራው አለ። ልብ በሉ፤ ሰውየው ትችቱን አላነሣም። የቀድሞው ቅጂ መጥፎ ነበር የሚለው ፍርዱ እንደ ጸና ነው። የተለወጠው ፍርዱን የሚያስከትለው ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ከፍርዱ የተገኘው የተደመሰሰ ቴፕ ሲሆን፣ በሁለተኛው ቀን የተገኘው ግን አዲስ የሥራ ዝርዝር ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ምሕንድስና ገባ። መሣሪያውን ተክቶ ዘፈኑን ሁሉ የሚሸከም የመዘምራን ድምፅ ከየት ይመጣል? ሰዎቹ አራት ናቸው። ትልቅ የመዘምራን ማኅበር ቢቀጠር እንኳ፣ ማንም ዘማሪ ሳይተነፍስ አንድን ድምፅ ስድስት ደቂቃ ሊይዝ አይችልም። በዚያን ጊዜ ሜሎትሮን የተባለ የእንግሊዝ ሥሪት መሣሪያ ነበረ፤ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ የተቀረጸ የቴፕ ቁራጭ ስላለ ቁልፉ ሲጫን የቫዮሊን ወይም የመዘምራን ድምፅ ያሰማል። ነገር ግን ቁራጩ ስምንት ሰከንድ ያህል ሄዶ ያልቃል፤ ድምፁም ይቆማል። የተፈለገው የማያልቅ ድምፅ ነበር።

መፍትሔው የቴፕ ቀለበት ሆነ። ጎድሊ፣ ክሬምና ጉልድማን በማይክሮፎን ዙሪያ ቆመው አንዲትን ድምፅ «አ» እያሉ ይዘምራሉ፤ ስቱዋርት ይቀርጻል። ያችኑ ድምፅ 16 ጊዜ ይደግሟታል። ሦስት ሰዎች 16 ጊዜ ሲዘምሩ 48 ድምፅ ይሆናል። ይህም ለአንዲት ደረጃ ብቻ ነው። በአውሮፓ ሙዚቃ በአንድ ስምንትዮሽ ውስጥ 12 ግማሽ ደረጃዎች ስላሉ፣ ያው ሥራ ለእያንዳንዱ ደረጃ ከመጀመሪያው ይደገማል። ጠቅላላው ከ5 መቶ ድምፅ በላይ ነው። ይህን ለማከናወን ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ከዘማሪዎቹም አንዱ ዘፈኑን ያስጣለው ጎድሊ ነበር።

በዚህ ስፍራ አንድ የስሌት ጉዳይ ማንሣት ተገቢ ነው። አንዱን ድምፅ አንድ ጊዜ ቀርጾ በማባዣ 48 ጊዜ መገልበጥ ለምን አልበቃም? ዛሬ በኮምፒዩተር ይህ የጥቂት ሴኮንዶች ሥራ ነውና ጥያቄው የሚጠበቅ ነው። መልሱ የሚገኘው በሞገድ ድምር ላይ ነው። ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ 48 ቅጂዎች ቢደመሩ የሞገዱ ከፍታ 48 እጥፍ ያድጋል፤ ጆሮ የሚሰማው ግን ያንኑ አንድ ሰው በጩኸት ነው። የተለያዩ 48 ድምፆች ሲሆኑ ነገሩ ሌላ ነው። የሰው ልጅ አንዲትን ድምፅ ሁለት ጊዜ አስተካክሎ መድገም አይችልም፤ አንዱ በጥቂቱ ከፍ፣ ሌላው በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። እነዚህ ሲደመሩ የሞገዱ ከፍታ የሚያድገው በ48 ካሬ ሥር፣ ማለት 7 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። በጩኸት ረገድ የጠፋው ብዙ ነው። ነገር ግን በጥቃቅኖቹ ልዩነቶች ምክንያት ድምፁ በየቅጽበቱ ይዋዥቃል፣ ይሰፋል፣ ሕይወት ያገኛል። መዘምራን የሚባለውም ይኸው ነው። አንድ ዓይነት ድምፅ ተባዝቶ ጩኸት ይሆናል እንጂ ማኅበር አይሆንም።

48ቱ ድምፆች በሁለት መስመር ተጠቃልለው ከተገለበጡ በኋላ፣ ስቱዋርት ቴፑን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን በማጋጠም 12 ጫማ ያህል፣ ማለት ከሦስት ሜትር ተኩል የሚበልጥ ርዝመት ያለው ቀለበት ሠራ። የቀለበቱ አንድ ወገን በመቅረጫው ራሶች ላይ ያልፋል፤ ሌላው ወገን በማይክሮፎን ማቆሚያ ጫፍ ላይ በታሠረ ተሽከርካሪ መዘውር ላይ ይዞራል። ማቆሚያው ወደ ኋላ እየተሳበ ቴፑ እንዳይረግብ ይወጠራል። ይህን ያህል ርዝመት ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ምክንያቱ መጋጠሚያው ነው። ቴፑ የተጋጠመበት ቦታ በመቅረጫው ራስ ላይ ባለፈ ቁጥር ትንሽ እንከን ይሰማል። በዚያ ዘመን ስቱዲዮዎች ይጠቀሙበት በነበረው በሰከንድ 38 ሴንቲሜትር ፍጥነት ቢሰላ፣ እንዲህ ያለው ቀለበት አንድ ጊዜ የሚዞረው በ10 ሰከንድ ገደማ ነው። አጭር ቀለበት ቢሆን እንከኑ በየቅጽበቱ እየተመላለሰ ጆሮን ይወጋ ነበር። እንከኑ ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን ተራርቋል፣ የአሥራ ሁለቱም ቀለበቶች መጋጠሚያ በተለያየ ጊዜ ስለሚያልፍ አንዱ በሌሎቹ ድምፅ ውስጥ ይሰጥማል። የማይጠፋን እንከን ማራራቅና ማሰራጨት መሐንዲስ ሁሉ የሚያውቀው ብልኃት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ከሁሉ የሚያስደንቅ ነው። አሥራ ሁለቱ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው በድምፅ ማደባለቂያው ጠረጴዛ ላይ የየራሳቸውን መስመር ያዙ። በየመስመሩ ላይ የድምፁን መጠን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች መቆጣጠሪያ አለ። ስለዚህ ጠረጴዛው ሥራውን ለውጦ ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ፤ ተንሸራታቾቹም እንደ ፒያኖ ቁልፎች ሆኑ። አራቱ ሰዎች ዙሪያውን ቆመው፣ እያንዳንዱ በእጁ ያሉትን ደረጃዎች በተራው ወደ ላይ እየገፋና ወደ ታች እየመለሰ፣ ሦስት ወይም አራት ድምፆችን በአንድ ላይ እያሰሙ ዘፈኑን ከመነሻው እስከ መድረሻው «ተጫወቱት»። አንድ ሰው በሁለት እጁ ሊያደርገው የማይችለው ነገር በስምንት እጅ ተደረገ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይጨመርበታል። ስቱዋርት በእያንዳንዱ ተንሸራታች ግርጌ ፕላስተር ለጥፎ መቆጣጠሪያው ጨርሶ እንዳይዘጋ አደረገ። በዚህም ምክንያት ያልተፈለጉት ደረጃዎች እንኳ በጣም ዝቅ ብለው ይሰማሉ፤ አሥራ ሁለቱም ድምፆች ከዘፈኑ ሥር እንደ ንፋስ ሽውታ ሳያቋርጡ ይነፍሳሉ። በደንቡ ቢሆን የማይፈለግን ድምፅ መዝጋት የድምፅ መሐንዲስ የመጀመሪያ ግዴታው ነው። እርሱ ግን ሆን ብሎ ከፈተው። ዘፈኑን የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ የሚያስታውሱት ያ ጭጋግ የመሰለ ድባብ የተገኘው ከዚህ ቁራጭ ፕላስተር ነው።

ከመሣሪያ ወገን የገባው ጥቂት ነው። ስቱዋርት ፌንደር ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ጉልድማን ጊታር ተጫወቱ፤ የትልቁ ከበሮ ምት የተገኘው ሙግ ከተባለው የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ ማመንጫ ነው። በመካከሉ የጉልድማን ቤዝ ጊታርና የልጆች መጫወቻ የሆነ የሙዚቃ ሣጥን ይሰማሉ። ለዚሁ መካከለኛ ክፍል በሹክሹክታ የሚነገር አንድ አጭር ቃል ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ማን ይናገረው? ይህን ሲወያዩ የስቱዲዮው ጸሐፊ በሩን ቀስ ብላ ከፍታ፣ ሥራውን እንዳታውክ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስቱዋርት ስልክ እንደሚፈለግ ትነግረዋለች። ክሬም ወዲያው ብድግ ብሎ የሚፈለገው ድምፅ ይህ ነው አለ። ጸሐፊዋ ዘፋኝ አለመሆኗን ብትናገርም አግባብተው ወደ ማይክሮፎኑ አቀረቧት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሰማው ሹክሹክታ የእርሷ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ጥቅሙ ከሸክላው በፊት ታየ። ቡድኑ በ1973 «ረበር ቡሌትስ» በተባለው ዘፈኑ በብሪታኒያ አንደኛ ወጥቶ የነበረ ቢሆንም፣ ስቱዋርት በኋላ እንደ ገለጠው ገንዘብ አልነበራቸውም። ከትልቁ የፎኖግራም ኩባንያ የመጡ ሰዎች ይህን ዘፈን ከሰሙ በኋላ ግን ለአምስት አልበሞች ውል ለመፈራረም አላመነቱም፤ የውሉ ዋጋ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደ ነበር ይነገራል። ተደምስሶ የነበረው ዘፈን የአራቱንም የኑሮ መሠረት ለወጠ።

የሸክላው አወጣጥ ግን ያለ ማመንታት አልሆነም። «ዚ ኦሪጂናል ሳውንድትራክ» የተባለው አልበም በማርች 1975 ሲወጣ፣ በነጠላ ሸክላ በመጀመሪያ የተላከው ሌላ ዘፈን ነበር። «አይም ኖት ኢን ላቭ» ስድስት ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ በሦስትና በአራት ደቂቃ ለሚለካው የሬዲዮ ፕሮግራም የማይመች መስሎ ታይቶ ነበር። ለአሜሪካ ገበያም አጠር ያለ ቅጂ ተዘጋጅቷል። በመጨረሻ በሜይ ሲወጣ፣ በጁን በብሪታኒያ ለሁለት ሳምንት አንደኛ ሆነ። በአሜሪካ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቆየ፤ በሦስቱም ሳምንት አንደኛ ሆነው የበለጡት ሦስት የተለያዩ ዘፈኖች ነበሩ።

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦች፤

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም የደስታ ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ፣ በ1976 ዓመት፣ ጎድሊና ክሬም ከቡድኑ ተለዩ። የተለዩበት አንዱ ምክንያት ራሱ የምሕንድስና ነገር ነበር፤ ጊዝሞ የተባለ፣ በጊታር ላይ የሚገጠምና በትናንሽ ተሽከርካሪ ጎማዎች ክሮቹን እየፈተገ እንደ መሰንቆ የሚያስጮኽ መሣሪያ ፈልስፈው ነበርና፣ ሙሉ ጊዜያቸውን በእርሱ ላይ ሊያውሉ ፈለጉ። መሣሪያውን ለማስተዋወቅ የጀመሩት ቅጂ እየሰፋ ሄዶ በ1977 የሦስት ሸክላ አልበም ሆኖ ወጣ፤ በገበያ ግን አልቀናውም። ሁለቱ በ1980ዎቹ የሙዚቃ ፊልም በመሥራት ዳግመኛ ስም አገኙ። ስቱዋርትና ጉልድማንም በ1978 «ድሬድሎክ ሆሊዴይ» በተባለው ዘፈን በብሪታኒያ አንደኛ ወጡ። ማናቸውም አልወደቁም። ይሁን እንጂ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስምንት እጅ ተሰብስቦ የሠራውን የመሰለ ሥራ፣ አራቱ ከተለያዩ በኋላ ከሁለቱም ወገን አልወጣም ማለት ግነት አይሆንም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ምንድን ነው? ትችት ይበጃል ማለት ብቻ አይበቃም፤ የመጀመሪያው ቀን ትችት ያተረፈው ባዶ ቴፕ ነበርና። ትሕትና ይበጃል ማለትም አይበቃም፤ ጎድሊ በትሕትና ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ዓለም አንድ ተራ ቦሳኖቫ ሰምቶ በረሳ ነበር። ሥራውን ያዳነው ተቺው ከትችቱ ጋር ገዛ ድምፁን ማቅረቡ ነው። አይሆንም ያለው ሰው፣ እንዴት እንደሚሆን ተናግሮ፣ ከዚያም ሦስት ሳምንት ሙሉ በማይክሮፎን ፊት ቆሞ «አ» አለ። ስቱዋርትም በበኩሉ ሥራውን ያስጣለበትን ሰው ሐሳብ ሳይቀየም ተቀብሎ፣ ቴፕ ቆረጠ፣ አጋጠመ።

በየመሥሪያ ቤቱ የንድፍ መመርመሪያ ስብሰባ ይደረጋል። በስብሰባው ሁሉም በአንድ ቃል ቢስማማ፣ ያ አንዱን ቅጂ 48 ጊዜ እንደ መገልበጥ ነው፤ ድምፁ ይጮኻል እንጂ አይሰፋም። አንዱ ተነሥቶ «አይረባም» ብሎ ቢቀመጥ ደግሞ፣ ያ ቴፕ መደምሰስ ነው። ከሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብና አድካሚ ነው፤ ተቃውሞን ወደ ሥራ ዝርዝር ለውጦ፣ በዝርዝሩም መሠረት ለመሥራት እጅጌን መሰብሰብ ይጠይቃልና። ስትሮቤሪ ስቱዲዮ በ1993 ተዘግቷል። ማደባለቂያው ጠረጴዛና የማይክሮፎኑ ማቆሚያ ያደረጉትን ዛሬ ኮምፒዩተር በቀላሉ ያደርገዋል። ጎድሊ ያደረገውን የሚያደርግ መሣሪያ ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ እርሱ የሚገኘው ከስብሰባው ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት ሰዎች ብቻ ነው።